ሙዝ መንገድ ላይ የተወጠረው ገመድ

አርባ ምንጭ ደርሼ መጣሁ ስል ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ አዞ ነው። አዞ አላየሁም። ሐይቁንም ቢሆን ከአንድ ቀን በቀር ከመኪና መስኮት፣ በግማሽ ዓይን ነው ያየሁት። ምንጮቹ አርባ ይሁኑ አርባ አንድ አልቆጠርኩም። እኔ ያየሁት ገመድ ነው። ጥርሴን ነክሼ የተመለስኩት በእሱ ስለሆነ፣ ያን አገር የማየት ዕድል ለማይገጥማችሁ ለእድሬ ሴቶች እንዲሆን ከመነሻው ጀምሬ እጽፈዋለሁ። ቆንጆ ቆንጆውን ወሬ ሌላ ሰው ጠይቁ።

እኔና ባለቤቴ ጌታሁን አንዲት አይሱዙ አለችን። እሱ ይነዳል፤ እኔ ጭነት አፈላልጋለሁ፣ ስልክ እደውላለሁ፣ እጨቃጨቃለሁ። እሱ ዝምተኛ ነው። ትዳራችን የቆየው ለሁለት የሚበቃ አፍ እኔ ስላለኝ ነው ብለው ጎረቤቶቼ ያሙኛል፤ አልተሳሳቱም።

ሰኞ

ከደብረ ብርሃን የጫንነው ብርድ ልብስ ነበር። ብርድ ልብስ ወደ ሙቀት አገር ስንጭን ያየ ሁሉ ሳቀብን። ጭነቱን ያዘዘው የአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ነጋዴ ግን የሚሸጠው ለራሱ ከተማ ሳይሆን በላይ በደጋው ለሚኖሩት ነው፤ እዚያ ላይ ብርዱ ከእኛው አይተናነስም ብሎኝ ነበር። እኔም አላመንኩትም፤ ጭነት ጭነት ነው ብዬ ተነሣን።

ገና ከተማችንን ሳንለቅ የመጀመሪያው ገመድ ጠበቀን። በሁለት በርሜል መሀል ተወጥሯል፤ አጠገቡ ወንበር ላይ አንድ ሰው ደረሰኝ ይዞ ተቀምጧል። ከፍለን አለፍን። ትንሽ ሄደን ሌላ ገመድ፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ ደረሰኝ። በእኛ ቤት ገመድ የሚታሰረው ለልብስ ማስጫና ለጥጃ ነው። መንገድ ላይ ግን የገመድ ባለቤት መሆን ሥራ ሆኗል፤ መኪና ከመግዛት ገመድ መግዛት ሳይሻል አይቀርም። ይህንን ለጌታሁን ስነግረው "እንዳይሰሙሽ" አለኝ። ይስሙኝ!

አዲስ አበባ ዳር ስንደርስ የጭነት መኪና የማይገባበት ሰዓት ነው ተብለን ጥላ በሌለበት ሜዳ ቆመን ዋልን። የመሸብን ቡታጅራ ነው። የአልጋ ቤቱ ባለቤት፣ ወፍራም ሳቂታ ሴት፣ የጌታሁን እግር ማበጡን አይታ ሳንጠይቃት ለብ ያለ ውሃ ጨው አድርጋ አመጣችለት። "ወንድሜም ሹፌር ነው፤ የሰው አገር ሰው እንዲሁ ያድርግለት ብዬ ነው" አለች። የዚያን ቀን ደረሰኝ ያልቆረጠብን ሰው እሷ ብቻ ናት።

ማክሰኞ

ጠዋት ናፍጣ ፍለጋ ወጣን። ማደያው "የለም" የሚል ካርቶን ሰቅሏል። ከማደያው አጥር ሥር ግን ናፍጣው በጄሪካን ተደርድሮ ይሸጣል፤ ዋጋውን አልናገርም፣ ደም ግፊቴ ይነሣል። "ይሄ ከየት መጣ?" ብዬ ሻጩን ብጠይቀው፣ ዓይኑን ሳያሽ "ከማደያው ነዋ!" አለኝ። ቢያንስ አልዋሸም።

ሆሳዕና ሳንደርስ ዝናቡ ወረደ። ነፋሱ ሸራችንን ገለበጠውና የብርድ ልብሱ ጠርዝ መርጠብ ጀመረ። ቀሚሴን ሰብስቤ ከጌታሁን ጋር ጭነቱ ላይ ወጣሁ፤ ስንጎትት የሸራው ማሰሪያ ተበጠሰ። ከማሳው ዳር በሬ ሲነዳ የነበረ ገበሬ አየን። ወዲያው የበሬውን ገመድ ፈታና ወረወረልን፤ በሬውን ቀንዱን ይዞ ቆመ። ሸራውን አስረን ከወረድን በኋላ ለገመዱ ስንት እንክፈልህ ብንለው ስድብ የተሰደበ ያህል ፊቱን አዞረብን። በዚያ ጉዞ ካየሁት ገመድ ሁሉ ደግ ገመድ እሱ ብቻ ነው።

ሶዶ ስንደርስ ለታደለች ደወልኩ። ታደለች ከአርባ ምንጭ ትንሽ ወጣ ባለች የሙዝ መንደር የምትኖር ገበሬ ናት። የመንደሯን ስም አልጽፍም፤ ነገ እዚያው የምትኖረው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። ባለፈው ዓመት በደላላ በኩል ሙዟን ጭነንላት ስልክ ተለዋውጠን ነበር። በዚህኛው ጊዜ ያለ ደላላ፣ እኔና እሷ ብቻ፣ ተስማማን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በእኛ አገር ድንች የሚቆፈረው መኪናው ማሳው ጫፍ ሲቆም ነው፤ ገብስማ ጎተራ ገብቶ ዓመት ይጠብቃል። ሙዝ አይጠብቅም። ጥሬውን ቆርጠው ጥሬውን ጭነው አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ነው የሚያበስሉት፤ መንገድ ላይ ቢጫ ከሆነ የሚቀበለው የለም። ስለዚህ እዚያ መንደር ሙዝ የሚቆረጠው በሹፌር ቃል ነው። ውል የለም፣ ቀብድ የለም። መንገድ ላይ ያለው ሰው ደውሎ "ቁረጡ" ይላል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቢላ ይዞ ይወጣል።

"መጣሽ ወይ?" አለችኝ ታደለች።

"ሶዶ ነኝ። ነገ ከሰዓት እደርሳለሁ።"

"ልቁረጥ?"

"ቁረጡ!" አልኳት፤ እንደ ትልቅ ሹፌር ተኮፍሼ።

ረቡዕ

ወደ ሐይቆቹ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ልክ ምድጃ እንደ መክፈት ፊት ይመታል። ሹራቤን አወለቅኩ፣ ሻርፔን አወለቅኩ፤ ጌታሁን "ይብቃሽ እንጂ" አለኝ። ሲቀላ ገበያው ውስጥ ባጃጁ እንደ ንብ ይተራመሳል፤ ብርድ ልብሱን እስክናራግፍ በላብ ተነክረን ነበር። ነጋዴው ቀዝቃዛ ውሃ አመጣልን፣ የረጠበውንም ጠርዝ አይቶ "ይደርቃል፣ አትጨነቂ" አለኝ። እዚህ ድረስ አገሩን ወደድኩት።

ከዚያ ባዶዋን መኪና ይዘን ወደ ታደለች መንደር ታጠፍን። መግቢያው ላይ ገመድ።

ገመዱን የያዘው ምናሴ የሚሉት ልጅ እግር ነው። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሲናገር አንገቱን ሰበር የሚያደርግ፣ ጨዋ የሚመስል። ተራ አስከባሪ ነኝ አለ።

"እትዬ፣ ተራ ይያዙ።"

"እኔ የተቆረጠ ሙዝ አለኝ። የምጭነውን አውቃለሁ፣ ባለቤቷንም አውቃታለሁ።"

"ይሁን፤ ግን ተራ አለ። ምናልባት እሁድ ይደርስዎታል። ሰኞም ሊሆን ይችላል።"

እንዲህ ሲለኝ ከኋላችን አንድ ትልቅ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ገመዱ መሬት ወረደ፤ መኪናው አለፈ፤ ገመዱ ተመልሶ ተወጠረ።

"እሱስ ተራ የለውም?"

"እሱ የድርጅት ነው።"

"እኔስ ምንድን ነኝ?"

"እርስዎ የግል ነዎት" አለኝ፤ በሽታዬን እንደሚነግረኝ ሐኪም አዝኖ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከፈለጉ የድርጅቱን ባለቤት፣ የነጋዴውን ሙዝ ይጫኑለት፤ አሁኑኑ ገመዱን አወርዳለሁ። የሴትዮዋንም እሱ ያነሣላታል።"

በምን ዋጋ እንደሚያነሣላት ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። የተቆረጠ ሙዝ ያለው ሰው አይከራከርም። ለዚህ ነው ገመዱ ሙዙ ከመቆረጡ በፊት ሳይሆን ከተቆረጠ በኋላ የሚወጠረው። ባለፈው ዓመት በደላላው በኩል ስለመጣን ገመዱን ልብ አላልነውም ነበር፤ ወርዶልን ነበራ!

ጮኽኩ። ያልተናገርኩት ነገር የለም። መኪናዋን ገመዱ ጋ አቁመን በእግራችን ገባን።

ሙዙ ከታደለች ቤት ጎን ተከምሮ ቅጠል ለብሷል። ጎረቤቶቿ ገና ላባቸው አልደረቀም። በመኪና ሳይሆን በእግሬ ስመጣ ሲያዩኝ ሁሉም ገባቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ታደለች እጄን ይዛ አስገባችኝ።

"ጌታ ያውቃል፤ መጀመሪያ ብዪ" አለችኝ።

ከበቆሎ ዱቄት የተድቦለቦለ ኩርኩፋ፣ ሃለኮ ከሚሉት የሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ፣ አቀረበችልን። ከመብላታችን በፊት ባሏ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። እኛ ቤት ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ እጅ ወደ ገበታው ይሄዳል፤ የእነሱ ጸሎት ግን ስለ መንገዳችን፣ ስለ ጎማችን፣ ስለ ጌታሁን እግር፣ በመጨረሻም ስለ ምናሴ ነበር። ለምናሴ ሲጸልይ ዓይኔን ገለጥኩ። አሜን አላልኩም።

ከበላን በኋላ ታደለች ነገሩን ነገረችኝ። ወንዙ ሞልቶ ማሳዋን ካጠበው ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ቆረጣ ነው። ይህ ካልተሸጠ መሬቱን ለዚያው ነጋዴ በኮንትራት ልትሰጠው ነው።

"ሦስት ጎረቤት ሰጠ። አሁን በራሱ መሬት የቀን ሠራተኛ ነው" አለች።

ቁረጡ ያልኩት እኔ ነኝ። እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ሐሙስ

ጠዋት ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ ቢሮ ሄድን። ወንበር ሰጡን፣ በሚያምር አማርኛም አነጋገሩን። ገመዱ ሕገወጥ እንደሆነ፣ ችግሩ እንደሚታወቅ፣ ከባለድርሻ አካላት ጋር ውይይት እየተደረገበት እንደሆነ ተነገረን። "ታዲያ ዛሬ አውርዱልኝ" ስል ኃላፊው ሰዓቱን አየና ስብሰባ አለኝ አለ። ውይይት እየተደረገ ሙዝ አይበስልም ያለው ማን ነው?

ስንመለስ ሌላ የድርጅት መኪና እያለፈ ነበር። በምን ሰዓት ከጋቢና እንደወረድኩ አላውቅም። እጄ ላይ የጎማ መፍቻው ብረት አለ። ጌታሁን "ስንዱ! ስንዱ!" እያለ ከኋላዬ ይመጣል። ምናሴ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ጓደኞቹ ድንጋይ አነሱ። እውነቱን ልናገር፣ ገመዱን ልበጥስ አልነበረም የሄድኩት። እሱን ልመታው ነበር።

ያኔ አንድ ሽማግሌ መሀላችን ገቡ። የታደለች አማት ናቸው፣ ጋሽ አንጁሎ ይባላሉ፤ ላይ ደጋው ላይ ኦቾሎ በምትባል መንደር ነው የሚኖሩት፣ ነገሩን ሰምተው በጠዋት ወርደዋል። በሁለት እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው እኔ ፊት በጉልበታቸው ወረዱ።

ድንጋይ ያነሱት ልጆች ድንጋዩን ጣሉ፤ ምናሴ ራሱ ቁጢጥ አለ። ያ ሁሉ ጥሩምባ ቆመ። እኔ ደንግጬ ቀረሁ። በእኛ አገር የሚንበረከከው የበደለ ሰው ነው፤ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅር በሉኝ ይላል። እዚህ ምንም ያልበደሉ፣ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው፣ ለእኔ ለሴቲቱ፣ አቧራ ላይ ተንበረከኩ።

"አባቴ፣ ይነሡ! በማርያም ይነሡ!"

"ልጄ፣ አንተ ብረቱን ስታስቀምጥ እኔ እነሣለሁ" አሉኝ። እሳቸው ወንዱንም ሴቱንም በ"አንተ" ነው የሚጠሩት።

ብረቱን አስቀመጥኩ። ወስደው ብብታቸው ሥር አደረጉት፤ አልመለሱልኝም። በጠብ መሀል ሣር ቀርቦለት እሺ ያለ ሰው ቁጣውን ለሽማግሌ አስረክቧል ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚናገሩት እነሱ ናቸው አሉኝ። እንባዬ መጣ። ደስታ አይደለም፤ ንዴት ነው። "ለምን ለእኔ? ለምን ለገመዱ አይንበረከኩም?" አልኳቸው።

"ሣር ለተነሣ እጅ ነው" አሉ። "ገመድ እጅ የለውም።"

"ያሰረው እጅ አለው!"

አዩኝና ሣሩን መሬት አኖሩት።

ዓርብ

ኦቾሎ ወጣን። ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ በሚሉት የስብሰባ ሜዳቸው ላይ እያንዳንዳቸው በየድንጋይ መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከታች ዓባያ ሐይቅ ቀይ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ያኔ ነው እንግዲህ ደህና አድርጌ ያየሁት። የምናሴ አባት የዚያው ሰው ስለሆኑ ምናሴ አልመጣም ማለት አልቻለም። እኛ ጋ ሽማግሌ ሲዳኝ ግማሹ ያወራል፣ ግማሹ ይኮርፋል። እነሱ ግን አንዱ ተናግሮ እስኪቀመጥ ሌላው አያስነጥስም። እኔንም ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ይህን ያህል ሰዓት ያለ ጣልቃ ገብ ተናግሬ አላውቅም።

ምናሴ አጠፋሁ አለ። ጉልበቴን ሳመ። እኔም ብረት አንሥታበታለች ተብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ተመረቅን። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ፣ ታደለች አለቀሰች፣ ጌታሁን እንኳ አፍንጫውን ጠረገ።

ታረቅን። ሙዙ ግን አልታረቀም። ከሰዓት ገመዱ ለእኛ ወርዶልን ገብተን ቅጠሉን ስንገልጥ፣ ክምሩ ከሥሩ ቢጫ ሆኗል። ሙዙን ሊረከበን የነበረው የአዲስ አበባ ሰው በስልክ "ቢጫ ከሆነ እንዳትደክሚ" ብሎ ዘጋው። ከኋላችን ገመዱ እንደገና ተወጥሯል። ምናሴ ይቅርታ የጠየቀው ስለ እኔ ነው፤ ስለ ገመዱ ማንም አልጠየቀው።

ያን ዱቡሻ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ነው። እኔም አድንቄዋለሁ። እጄን ከደም አድኖታል። ግን የእኔን እጅ የያዘው ሣር የነጋዴውን መኪና ለአንዲት ደቂቃ አላቆመም፤ ይህንን ሳልናገር ብቀር ይገድለኛል።

ቅዳሜ

የደጋው ገበያ ጨንቻ ነው፤ እዚያ ሙዝ አይበቅልም፣ ደላላም ወደዚያ ገመድ አልወጠረም። ታደለች "ከሚበሰብስ ይበላ" አለች። ከነሙዙ መጫኛው ካሶኒ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። በዶርዜ በኩል ያለው ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፤ መኪናዋ እያቃሰተች፣ ጌታሁን እያባበላት ወጣን። ላይ ስንደርስ ጭጋግ! ብርዱ የደብረ ብርሃን ብርድ! ያወለቅኩትን ሹራብ ለበስኩ፤ አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

ገበያው መሀል ካሶኒው ላይ ቆመን እኔና እሷ በሁለት ቋንቋ ጮኽን። ሰው ከበበን። አንዲት ባልቴት እኛው ያመጣነውን ብርድ ልብስ፣ ገና ከነምልክቱ፣ ተከናንባ መጣች። የሲቀላው ነጋዴ አልዋሸም ነበር። ሙዝ ከእኔ ገዛችና ጥርስ በሌለው ድዷ እዚያው በላች። በዚያ ሳምንት የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ግማሹ ተሸጠ። ግማሹ ለስልሶ ለከብት ሄደ። ታደለች ያገኘችውን በመቀነቷ ቋጥራ "ጌታ ይመስገን" አለች።

"መሬቱስ?" አልኳት።

"ይህ ለአንድ ወቅት ያቆየኛል። ለሁለተኛው አላውቅም።"

እሁድ

ባዷችንን ተመለስን። በየገመዱ "ምን ጫናችሁ?" ይሉናል። "ምንም" እንላለን፤ ባዶም ደረሰኝ አለው። ሶዶን እንዳለፍን ጌታሁን "አዲስ የጎማ መፍቻ መግዛት አለብን" አለኝ። ጋሽ አንጁሎ ብረቱን አልመለሱልኝም ነበር፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል

ክረምቱ ወጥቶ ይህን ማስታወሻ እየገለበጥኩ ሳለ ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ታደለች ናት። የመጀመሪያ ሐሳቤ መሬቱን ሰጠች የሚል ነበር።

"ሙዙ ደርሷል፤ ልቁረጥ?" አለችኝ።

"አንቺ ሴት አብደሻል! ገመዱስ?"

"ገመዱ አለ። አባባ አንጁሎም አሉ።"

"የት ነው ያሉት?"

"ገመዱ ፊት። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ተንበርክከዋል። ሣሩ ሲደርቅ ሌላ ነጭተን እንሰጣቸዋለን። ዛሬ ሌሎቹም ሽማግሌዎች ከላይ ወርደው አጠገባቸው ሆነዋል። የድርጅቱ መኪና ሁሉ ቆሟል፤ ማን ሽማግሌ ረግጦ ያልፋል? ምናሴ ገመዱን ፈትቼ ልሂድ ቢላቸው፣ የምነሣው እጅህ ሲፈታው ሳይሆን መልሶ የማያስረው ሲሆን ነው አሉት። ለዚያች ለብረቷ ሴት ንገሯት፣ ያሰረው እጅ አለው ያለችው ገብቶኛል አሉ።"

ጌታሁን ከደጅ ሆኖ የሰማ ይመስላል፤ ሸራውን ማጠፍ ጀምሯል።

"እህቴ፣ አለሽ? ልቁረጥ ወይ?"

ያቺን ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ አደረስኳትና መልሼ ዋጥኳት።

"አትቁረጪ" አልኳት። "መጣሁ።"